የተጠራ ሰው ብቻውን አይገባም

የልጅ ልጄ ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰረች «እማዬ፣ ዛሬ ዲኑ ጠርቶኛል» ስትለኝ መንገዷ ላይ ቆምኩ። የዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። የላቦራቶሪውን መርዛማ ጭስ ወደ ውጭ የሚስበው ማሽን ከተበላሸ ሰነበተ፤ በቀደም አንዲት ጽዳት ሠራተኛ እዚያው ወለሉ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። የእኔዋ ጉድ በሩን ቆልፋ «ካልተጠገነ አልከፍትም» ብላ ቁጭ።

«ቁልፉን ስጫቸውና ይቅርታ በይ» አልኳት። «አንቺ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ማኅበሩ አለ እኮ፣ እማዬ።»

«ማኅበሩ ነው የሚያጎርስሽ?»

«እንዲህ የምትይው አንቺ ነሽ?» ብላ ሳቀችብኝና ወጣች።

እውነቷን ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጽሐፍ ስደረድር ነው ያረጀሁት። የሠራተኛ ማኅበሩን ሲወለድ አውቀዋለሁ። እናቷን የወለድኩ ጊዜ ጡቴ እየፈሰሰ ነው ወደ ሥራ የተመለስኩት፤ የወሊድ ፈቃዱ ከስንት ሰልፍና ከስንት ስድብ በኋላ ሲመጣ ከእኔ ወዲህ ለወለዱት ደረሰ። ለጥበቃዎች ወንበር ስንጠይቅ አንዱ አለቃ «ከተቀመጡ ይተኛሉ» ብሎ ሞገተን። እሱ ራሱ ስብሰባ ላይ ሲያንኮራፋ ስንቴ ሰምተነዋል!

ከልቤ የማይወጣልኝ ግን የተማሪዎች ምግብ አብሳይ የነበረው ሰውዬ ነው። ስለ ትርፍ ሰዓት አቤት አለ፤ ብቻውን ተጠራ፣ ብቻውን ገባ፣ ከሥራ አባረው በጓሮ በር አስወጡት። ምን እንዳሉት፣ ምን እንዳስፈረሙት የሚመሰክርለት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ልማድ አበጀ። አባል ሲጠራ አንድ ሰው አብሮት ይገባል፤ ሥራ ያልያዘው ሁሉ ቢሮው ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። የተጠራው ሳይወጣ ማንም አይነሣም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተከተልኳት። ልቀመጥላት አልነበረም፤ እጇን ይዤ ልመልሳት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዲኑ ቢሮ ስደርስ ገብታለች። አብሯት የገባው የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የፊዚክስ መምህሩ ነው፤ «ቆይ» ሳይል አፉን ስለማይከፍት አቶ ቆይ ይሉታል። ደረጃው ላይ የተቀመጠው አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ብቻ ነው፣ ጄኔራሉ የምንለው።

«ሰዉ የት ሄደ?» አልኩት።

«አዲሶቹ ኮንትራት ናቸው፣ እትዬ። ኮንትራት ሰው ጥላውንም ይፈራል።»

«እነሱስ ልክ ናቸው! የእኔዋን ሊያባርሩብኝ ነው።»

«ይልቅ ይቀመጡ። እንዲህ ሲቆሙ ጠበቃ ይመስላሉ፤ ዲኑን ያስደነግጡታል።»

ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከጽሕፈት ክፍል አንዲት ልጅ መጣችና ጫፍ ላይ፣ ለመሮጥ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠች። ቀጥሎ ሁለት አትክልተኞች መጡ። እኔ በር በተከፈተ ቁጥር የጓሮው እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

የልጅ ልጄ በፊት ለፊቱ በር ወጣች። ከንፈሯ ደርቋል።

«ላቦራቶሪው እስኪጠገን ይዘጋል ተባለ» አለች። «እኔ ደግሞ ጉዳዩ እስኪጣራ ታግጃለሁ።»

ብድግ አልኩ። «አላልኩሽም? በይ ነይ፣ ወደ ቤት!» ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

ይህን ስል ያቺ የወደቀችው ጽዳት ሠራተኛ ደረጃው ግርጌ ብቅ አለች። ለካ እሷም ተጠርታለች። የካፖርቷን ጫፍ ጨምድዳ ቆመች፤ አትወጣ፣ አትመለስ።

«ቆይ፣ አብሬሽ እገባለሁ» አላት አቶ ቆይ።

የልጅ ልጄ ክንዷን ከእጄ ሳታስለቅቅ ቁጭ አለች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰዓትም ጎትቼ ወስጃት ቤት ብቆልፍባት ደስ ባለኝ። ግን ያቺ ሴት የምታየው እኔን ነበር።

«ግቢ ልጄ» አልኳት። «እዚህ ነን።»

ተቀመጥኩ።