አራተኛው ግድግዳ

ዳይሬክተሩ ታላቅ እህቱን ወደ ሥራ ቦታው የጠራት ናፍቃው አይደለም። ግድግዳ ጎድሎበት ነው።

እሷ ይህን ያወቀችው ከደረሰች በኋላ ነው። ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ በሞቴ፣ ነገ ብቅ በይ» ሲላት፣ ምን ነክቶት ይሆን እያለች ስታወጣ ስታወርድ አደረች። ወንድሟ እንዲህ የሚለማመጠው ሲቸግረው ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ግን አንጀቷ አልቆረጠላትም፤ መጣች።

ሰውየው ድሮ ፊልም ሠሪ ነበር። አባታቸው የአልጋ ቁራኛ በሆኑበት ዘመን ካሜራውን ተሸክሞ መጣ፤ ሁለት ሳምንት ቀርጾ ሄደ። ያ ሁለት ሳምንት አባቱን ያስታመመ ልጅ ታሪክ ሆኖ ወጣ። ተጨበጨበለት፣ ተሸለመ፣ ጋዜጣው ሁሉ «እንዲህ ነው ልጅ!» አለ። በተለይ መጨረሻ ላይ አባትየው ቀና ብለው ፈገግ የሚሉበት ትዕይንት ያላስለቀሰው ሰው አልነበረም። ስድስት ዓመት ያጠበች፣ ያገላበጠች፣ ያጎረሰች እህት ግን በፊልሙ ውስጥ ጥላዋ እንኳ የለም። ይህ ዐይን ያወጣ ነገር ነው፤ አለሳልሶ መናገር አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሁለት ፊልሞች ተመልካች አጥተው ወደቁ። አለቀለት ሲባል አንድ የቪዲዮ ጌም ድርጅት «ያን የአባትህን ታሪክ ጌም አድርግልን» ብሎ በዳይሬክተርነት ቀጠረው። እሱም ያንኑ ቤት፣ ያንኑ አልጋ፣ ያንኑ በሽተኛ እንደ አዲስ ለገበያ ሊያወጣ ሥራውን ጀመረ።

አሁን ስክሪን ፊት አስቀመጣት። ክፍሎቹን በኮምፒውተር የሚሠራው ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ ምስሉን የሚያንቀሳቅሰውን ጆይስቲክ እንዴት እንደምትይዝ አሳያት። ቤታቸው ቁጭ ብሏል። የተሰነጠቀው መስታወት፣ መድኃኒት የሚቀመጥበት መደርደሪያ፣ አልጋው፣ አባቷ ትራስ ተደግፈው። ሳታስበው «አባዬ» አለች።

ምስሉን ወደ ኋላ ስታዞረው ግን ምንም የለም። ግራጫ ባዶ ብቻ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ ነው ችግሩ» አለ ባለሙያው። «ጋሼ የሰጡን ሦስት ግድግዳ ነው። ፊልም ላይ በአራተኛው በኩል ካሜራ ስለሚቆም ማንም አያየውም። ጌም ላይ ግን ተጫዋቹ እንደፈለገው ይዞራል። የሞከሩት ሁሉ ዞረው ‹ቤቱ ግማሽ ነው እንዴ?› እያሉ ይስቁብናል።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ በዚያ በኩል ምን ነበር? ፊልሙን ደጋግሜ አየሁት፣ አይታይም። ረስቼዋለሁ።»

ረስቼዋለሁ! ደሟ ፈላ። እንደምንም ዋጥ አድርጋ ጠየቀችው።

«ተጫዋቹ ማንን ሆኖ ነው የሚጫወተው?»

«እኔን። ማለቴ ልጁን። አባቱን ያጥባል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ያገላብጣል…»

«አንተ ማሙሽ! አባዬን አንድ ቀን እንኳ አገላብጠኸው ታውቃለህ?»

«እትዬ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት…»

«ሰው ፊት አይደል እንዴ የዋሸኸው!»

ባለሙያው ውሃ ላምጣ ብሎ ሊሾልክ ሲል «የትም አትሄድም» አለችው። ጆይስቲኩን እየታገለች ምስሉን ወደ አባቷ ትራስ አስጠጋችው፤ ከዚያ አባቷ ወደሚያዩበት አዞረችው። ግራጫው ባዶ ስክሪኑን ሞላው።

«ፊልሙ መጨረሻ ላይ አባዬ ይሄን እያየ ነው የሳቀው?»

«እኔን ነዋ። ካሜራው ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ካሜራህ ላይ ተደፍተሃል፤ ቀና ብለህም አላየኸው። ‹እትዬ፣ እንዳትገቢብኝ› ብለኸኝ ከጀርባህ የሾርባ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው፣ ምን ይጎልተዋል ይሄ ብዬ ባንተ ላይ ዐይኔን ሳጉረጠርጥ አየኝና ሳቀ። የተሸለምክበት ሳቅ የእኔ ነው! ለእኔ ነው የሳቀው!»

ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መቼም የእናቷ ልጅ ነው፤ ትከሻውን ልትይዘው እጇን ዘረጋች።

ቀና አለ። ዐይኑ እንደረጠበ ወደ ባለሙያው ዞረ።

«ጌሙ ውስጥ እሷን የሚመስል አዲስ ሰው ለመሥራት ጊዜ አለን?»

«የለንም፣ ጋሼ። በዚህ ሳምንት እናስረክባለን።»

«እንግዲያው ሰው ይቅር። ወንበር አድርግበት። ባዶ ወንበር። የእሷ መሆኑ ይገባቸዋል። እንዲያውም የበለጠ ያስለቅሳል።»

የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሰበሰበች። ቦርሳዋን ከወለሉ አነሳች። ወንድሟን አላየችውም፤ የተናገረችው ለባለሙያው ነው።

«ወንበር እንዳታደርግ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተቀመጥኩም።»