የፈረሰኞቹ ጽዋ

«ሃይማኖቷ መጠጥ መንካት የማይፈቅድላት ከሆነማ እናከብራለን። ሌላ ሰው ይምጣልን» አሉ ሽማግሌው ኮሎኔል፣ በዚያ ጨዋ እንግሊዝኛቸው።

ጽጌወይን ጆሮዋን ተጠራጠረች። መጠጥ አትነካም! በዚህ ሆቴል የግብዣ አዳራሽ አራት ዓመት ሙሉ ወይን ስትቀዳ የኖረች ሴት፣ ባለፈው ፋሲካ እንኳ በሁለት ቢራ ሞቅ ብሏት ዊንቸስተር ሰፈር ያለውን አፓርታማዋን በእልልታ ያናወጠች ሴት! አልነካም ያለችው ወይኑን ሳይሆን ጽዋውን ነበር።

የዕለቱ የምሳ እንግዶች አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከአንድ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ሬጅመንት በጡረታ የወጡ ሠላሳ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። በየሁለት ዓመቱ ይሰባሰባሉ፤ ዘንድሮ ላስ ቬጋስ ክፍል ርካሽ ነው ተባለና መጡ። አንዳቸውም በፈረስ አልተዋጉም፣ ሲነዱ የኖሩት ታንክ ነው። ቢሆንም ጫማቸው ተረከዝ ላይ የፈረስ መኮርኮሪያ ብረት አስረው፣ ምንጣፉን እየቧጨሩ ነው የገቡት። ለፈረሶቹ ክብር ሲጠጡም ከወንበር አይነሡም፤ አያቶቻቸው ኮርቻ ላይ እንደተቀመጡ ይጠጡ ነበርና። ጽዋው ከእጅ እጅ ሲዞር እያንዳንዱ ድሮ የሞተ የአንድ ፈረስ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል።

ጽዋውን ከሣጥኑ አውጥተው ከፋይ ጨርቅ ላይ ያቆሙት ገና ሾርባው ሳይነሣ ነው። ጠረጴዛው ላይ የታደለው ወረቀት፣ ቴዎድሮስ የሞቱ ዕለት መቅደላ ላይ «የተገኘ» ይለዋል። መንገድ ላይ እንደ ወደቀ ቁልፍ። በልማዳቸው ጽዋውን ይዞ የሚቀዳላቸው ከሬጅመንቱ ውጭ የሆነ ሰው ነው። ያን ዕለት ያስቀዱት አንድ የተማረከ ዲያቆን ነበር ይላል ወረቀቱ።

ጽጌወይን ግዕዝ አታውቅም። የጽዋው ከንፈር ዙሪያ ከተቀረጸው ጽሑፍ «ማርያም» የሚለውን ብቻ ለየች። እሱ በቃት። ከቄስና ከዲያቆን በቀር እንዲህ ያለ ዕቃ ማንም እንደማይነካ የተማረችው ከፊደል በፊት ነው። ቀስ ብላ ነጭ ናፕኪን አለበሰችውና ወደ ኋላ አለች። ኮሎኔሉ ያንን አይተው ነው ሙስሊም ናት ብለው ያሰቡት።

የአዳራሹ ኃላፊ ማቲያስ ክርኗን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰዳት።

«ጽጌ፣ ምን ነካሽ? ሰኞ እኮ ቋሚ ልትሆኚ ነው! ወረቀትሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

«ንዋየ ቅድሳት ነው ማቲ። እጄን አላሳርፍበትም።»

«አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ንስሐ ትገቢያለሽ።»

«ታዲያ አንተ ቅዳላቸዋ።»

«እኔ ማኔጅመንት ነኛ!»

ጽጌወይን ጉልበቷን አሰበች። ለአራት ዓመት በትሪ ስር ያለቀ ጉልበት ነው፤ ሐኪሙ ኦፕሬሽን ብሏል፣ ኢንሹራንስ ያለው ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው። ጽዋውን አየችው። ጉልበቷን አየችው።

«አልችልም» አለች።

ሌላዋ አስተናጋጅ ናጃት ተጠራች። ሻሿን አስተካክላ መጣች። ኮሎኔሉ ሻሿን ሲያዩ ግራ ገባቸው። ናጃት የጓደኛዋን ፊት ሳታይ ናፕኪኑን ገፈፈች፣ ቀዳች። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ ሠላሳ ሁለት የፈረስ ስም ጠሩ። ስሞቹ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ታትመዋል። ጽጌወይን በሩ አጠገብ ቆማ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። የዲያቆኑ ስም የለም።

«ክላክ አውት አድርጊና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት ማቲያስ፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ። «ሰኞም አትምጪ። እንግዳ ፊት እምቢ ያለ ሰው ላይ መፈረም አልችልም።»

በሠራተኞች መተላለፊያ ሽርጧን እየፈታች ሳለ፣ የብረት ኮሽታ ከኋላዋ መጣ። ኮሎኔሉ ናቸው። ማቲያስ ነገሩን አስረድቷቸው ፊታቸው ቀልቷል።

«እመቤቴ፣ ምነው ለእኔ በነገሩኝ! ያለ ስጋት መያዝ ይችሉ ነበር እኮ። ይሄ ቅጂ ነው። እንግሊዝ አገር ያሠራነው፣ ከነጽሑፉ፣ አንድ ፊደል ሳይቀር።»

ጽጌወይን የሽርጧን ክር እንደያዘች ቀረች።

«ዋናውስ?»

«ዋናውማ አገር ቤት በብረት ሣጥን ተቆልፎበታል። ይዘነው አንዞርም፤ ሊሰረቅ ይችላል።»

ሽርጧን በአራት አጠፈችና ሰጠቻቸው።

«ደግ አድርጋችኋል» አለች። «የሰው ዕቃ የሚያነሣ አይጠፋም።»