ሆዷን አትንኩ

"እጅዎን ያንሱ፣ አባት!"

ልብስ ሰፊው ደንግጦ እጁን ከሴት ልጁ ሆድ ላይ አነሳ። የአልትራሳውንድ ውጤት ይዛ ለገባችው ሐኪም ያበጠውን ቦታ ሊያሳያት ብሎ ነበር በጣቱ ጫን ያደረገው። የሦስት ዓመቷ ልጅ አልጋው ላይ ተንጋላ እግሯን ታወዛውዛለች።

"አያማትም እኮ" አለ።

"ተንኮሉ እሱ ነው። ኩላሊቷ ላይ የበቀለ ዕጢ ነው፤ የትንንሽ ልጆች ካንሰር። ሲጫኑት ሊፈነዳና ሆዷ ውስጥ ሊበተን ይችላል። ማንም እንዳይጫናት።"

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችው። መጀመሪያ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ቀዶ ጥገና፤ የታመመው ኩላሊት ይወጣል፣ በቀረው ትኖራለች። በጊዜው ከታከሙ አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ። እሱ ግን ግማሹን አልሰማም። የቀሚሷን ወገብ ባሰፋ ቁጥር "ልጄ ሥጋ ለበሰች" እያለ ለደንበኞቹ ጉራውን ሲነዛ ከርሟል። የሰው ወገብ ሲለካ እየዋለ፣ የልጁ ክንድ እየቀጠነ ወገቧ ብቻ ሲሰፋ ልብ አላለም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱ ነው።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛው?"

"ማንም አላመጣባትም። ዛሬ ይዘዋት መምጣትዎ ነው ቁም ነገሩ።"

ሥራ ላይ ላለችው ሚስቱ ደውሎ ሲነግራት አለቀሰች። ከዚያ፣ "ለእማማ እንዳትነግራቸው፤ ደንግጠው ይሞቱብናል" አለችው። እሺ አለ። አባቱ በካንሰር ከሞቱ ወዲህ ቃሉ በቤታቸው አይነሳም፤ እናቱ "ያ በሽታ" ነው የሚሉት።

ቤት ሲገባ እናቱ፣ "ምን አሏት?" አሉ።

"ትንሽ ሆዷን ነው።"

"ብዬህ ነበር! ደርቆባት ነው፤ አሸት አሸት ባደርጋት ይለቃታል።"

ዘይት አሙቀው እጃቸውን ተቀብተው መጡ።

"እማዬ፣ ሐኪሟ አይነካ ብላለች።"

"አንተንም ያሳደግሁህ እያሸሁ ነው" ብለው የልጅቷን ቀሚስ ገለጡ።

እጃቸውን ቀለብ አደረገው።

"ካንሰር ነው፣ እማዬ። የአባዬ ዓይነት አይደለም፤ ይሄኛው የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው ብላለች። አንዱን ኩላሊቷን ያወጡላታል። ከተጫንሻት ግን ዕጢው ይፈነዳል።"

እናቱ ቁጭ አሉ። ዘይት የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። የሚሞቱበት መስሎት ፈራ።

"አንዱ ይበቃታል?" አሉ በመጨረሻ።

"ይበቃታል።"

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ናት፤ "የኔ ቦርጫም!" እያለች ልጅቷን ልታነሳ ተንደረደረች። እናቱ ብድግ ብለው መንገዱን ዘጉባት።

"ሆዷን እንዳትነኪ!"

"ውይ! ምን ሆነች?"

እናቱ ልጃቸውን አየት አደረጉት፤ ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

"ካንሰር ነው" አሉ።