ብረትና ጎዳና

ልብስ ሰፊው የከሰል ካውያዎቹን በየእጁ አንዳንድ ይዞ፣ ከጭኑ እስከ ትከሻው በዝግታ ያነሣ ነበር። ኤሌክትሪክ ከገባ ወዲህ ከመደርደሪያ ሥር ዝገው የተጣሉት ብረቶች፣ እጀታቸው ዛሬ በላቡ ተወልውሎ ያበራል። ታላቅ ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተው።

«አሁንም ብረት? ይህ የጎረምሳ ጨዋታ እንጂ የጉበት መድኃኒት ነው? ሰው እንደኔ ቀስ እያለ በእግሩ ይሄዳል!»

«ጉልበቴ ከዳኝ፤ ክንዴ ግን አልከዳኝም። አንተ በእግርህ፣ እኔ በእጄ፤ ዛሬ ቀጠሯችን ላይ ሐኪሟ ትፍረደን፣ ጋሼ።»

ፍርዱ ቀላል አልነበረም። ሁለቱም ጉበታቸው ስብ እንደያዘ በአንድ ሰሞን ሲነገራቸው፣ ታላቁ በቤተሰብ ፊት «ገዳይህ ይህ የስፌት ወንበርህ ነው፤ ካልተሻለህ ሱቁን ትዘጋለህ» ብሎ አስምሎት ነበር። ሌላው ሰው ሲወፍር ሱሪው ይነግረዋል፤ እርሱ ግን መቀስና መርፌ በእጁ ስለሆነ፣ በጠበበው ቁጥር ስፌቱን እየፈታ ሲያሰፋ፣ ልብሱ አንድም ቀን እውነቱን ሳይነግረው ኖረ። የሰውን ገላ በዓይኑ ለክቶ የማይስት ባለሙያ በገዛ ገላው መታለሉ ከሕመሙ ይልቅ አንገበገበው። ይህን ስሕተት ሱቁን ዘግቶ ሳይሆን እዚያው ቆሞ ሊያርመው ፈለገ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በልብስ ሰፊው ጎን ላይ ስታንሸራትት ትንፋሹን ያዘ። ቀድሞ ታይቶ «ስቡ ቀንሷል» የተባለው ወንድሙ ግድግዳውን ተደግፎ ደረቱን ነፍቷል።

«ባለፈው ጉበትዎ በስቡ እንደ ጉም ነጥቶ ነበር» አለች ሐኪሟ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች። «አሁን ጠቆር ብሏል። የእርስዎም ስብ ቀንሷል። ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ብረት ሳነሣ።»

ታላቁ አላስችል አለው። «መራመዱ አይበልጥም?»

«ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ አባቴ። የቻለ ቢያጣምራቸው መልካም ነው፤ ጉልበቱ እምቢ ያለው ደግሞ ክብደት ያንሣ። የማይጠቅመው የተቋረጠው ነው።»

ልብስ ሰፊው ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ያለ ደጋፊ ከአልጋው ወረደ፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ አገጩ ከፍ ብሎ።

ከበሩ ሲወጡ ወንድሙ እንደ ልማዱ ሊቀድመው አንድ እግሩን ሰነዘረ፤ ከዚያ ቆመ።

«ደንበኞችህ አይጠብቁህም?»

«ይጠብቁኛል እንጂ።»

«እንግዲያስ ምን ያቆመናል?» አለና እርምጃውን ከታናሹ አንካሳ እርምጃ ጋር አስተካከለ።

የእግረኛው መንገድ ለሁለት ሰው ጠባብ ነበር። ጎን ለጎን ሄዱ፤ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ዞር እያለ አሳለፋቸው።