ሰባተኛዋ ኖታ

ወንድሜ የህያ ከተወሰደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በ2008 ታኅሣሥ፣ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ቡራዩ ላይ ሲብስ፣ የሱቃችንን በር ሊቆልፍ በወጣበት የጸጥታ ኃይሎች ከመንገድ አፍሰው ጭነውታል። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። ብዙ ሰው የታሰረው በገፈርሳ መንገድ ዳር ባለ መጋዘን ነው ሲባል ሰምተን፣ እኔና እናቴ ሃዋ ምሳ ዕቃ ይዘን እዚያ በር ላይ መቆም ጀመርን።

ጠባቂው የታሳሪዎቹ ስም ያለበትን ወረቀት ገልጦ እንኳ ሳያይ፣ «የህያ የሚባል የለም» ይለናል። ስሙ ለሌለ ሰው ምግብ አይገባም። የታሰረ ሰው በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው ደግሞ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ነው። የእኛ እንደሞላ ሁለት ቀን ተመልሷል። እናቴ ቤት ስንገባ የህያን ሸሚዝ እያጣጠፈች መልሳ ትፈታው ነበር። ደሜ ፈላ። ፈራሁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የግቢያችንን ደወል ከበሩ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ኮሌጅ ሳለሁ የሠራሁት ነው፤ አርዱይኖ የምትባል የጻፉላትን ትእዛዝ የምትፈጽም ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ባትሪና ድምፅ የሚያወጣ የሳንቲም ታህል ባዘር። ሲጫኑት እናቴ የምታንጎራጉረውን የሠርግ ዜማ ይጮኻል። የኖታዎቹን ቁጥር ስጽፍ ሰባተኛዋ ላይ ስለተሳሳትኩ ዜማው እዚያ ይሰናከላል። የህያ በዚህ ስቆብኝ አይጠግብም፤ ሲያፏጨው እንኳ ስህተቴን አይዘላትም። እኔም እልህ ይዞኝ ሳላርመው ቀረሁ።

«የለም አልኩኮ እማማ፣ ቤትዎ ይግቡ» አለ ጠባቂው፣ ያው የትናንቱ።

ወደ መጋዘኑ የቆርቆሮ አጥር ተጠጋሁና ደወሉን ተጫንኩት። ባዘሩ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ አለው።

«ምንድን ነው እሱ? ጣይው! እጅ ወደ ላይ!»

የክላሹ አፈሙዝ ወደ እኔ ዞረ። በሩ ላይ ምሳ ዕቃ ይዞ የቆመው ሰው ሁሉ ሸሸ። ከእናቴ ሌላ፣ ልጃቸውን ፍለጋ የመጡ ኦቦ ጎበና የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ከኋላዬ ቀሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ተይ ልጄ፣ ይገድሉሻል!»

«የበር ደወል ነው» አልኩ። መሬት አስቀምጬው እጄን አነሳሁ። ዜማው እዚያው አፈር ላይ አለቀ።

ከቆርቆሮው ወዲያ ፉጨት ተሰማ። ቀስ ብሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እያለ ሄዶ ሰባተኛዋ ላይ ተሰናከለ።

እናቴ ምሳ ዕቃውን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ጠባቂው ሄደች። «ወረቀትህ ላይ ባይኖርም ርቦታል። አስገባለት።»

ጠባቂው መሣሪያውን ዝቅ አደረገ። እናቴን ማየት ግን አልቻለም። ዕቃውን ተቀብሎ ገባ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶውን መለሰው። እናቴ አቅፋው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ኦቦ ጎበና ደወሉን ከአፈሩ አንስተው በጋቢያቸው ጠረጉልኝ። ምሳ ዕቃቸው አሁንም እንደሞላ ነው።

«የኔንስ ልጅ ይጠራልኛል?»

ደወሉ አንድ ዜማ ብቻ እንደሚያውቅ ልነግራቸው አፌ አልታዘዘኝም። እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«የሚወደውን ዜማ ያንጎራጉሩልኝ አባባ» አልኳቸው፤ «ነገ ደወሉ ላይ ጽፌው እመጣለሁ።»