የባህረዲን አይጦች

በጎጃም በረንዳ ከባህረዲን በላይ አዋቂ የለም፤ ይህን የሚለው ባህረዲን ራሱ ነው። ምስር አከፋፋይ ነው። አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ የበቀለችበትን ወረዳ እናገራለሁ ይላል፤ ሄዶ የሚያጣራ ስለሌለም ነገሩ እውነት ሆኖ ቀርቷል። ዘንድሮ ካፒታሉን ጠራርጎ ምስር ገዝቷል። ሁዳዴ ሲገባ ሊያከፋፍለው፣ እስከዚያው ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ ሊያስቀምጠው ነው ሐሳቡ።

ያስቸገረችው ልጁ ኢክራ ናት። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች፤ ይህን መርካቶ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም።

«አባ፣ ምስሩ ከመግባቱ በፊት የመጋዘኑን አይጦች ልቁጠራቸው» አለችው።

«ተሰልፈው ሊቆሙልሽ?» ብሎ ሳቀባት። ቢሆንም ፈቀደላት፤ «ልጄ ጥናት ይዛለች» ማለት ያኮራዋል።

ኢክራ በማይገድል ወጥመድ ሃያ አይጥ ያዘች። ባህረዲን ጆንያዎቹን ምልክት በሚያደርግበት ቀይ ቀለም ጭራቸውን ቀባችና እዚያው መጋዘን ውስጥ ለቀቀቻቸው። እሱ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ማዶ ባቄላ የሚሸጠውን ውብሸትንም ጠርቶ አሳየው።

«እኛ ቤት ሌባ ሲያዝ ተኳኩሎ ይለቀቃል!»

ከሳምንት በኋላ ደግማ አጠመደች። ወጥመዱ እንደ በፊቱ ሞላ፤ ጭራው ቀይ የሆነ ግን አንድም አልነበረበትም።

«አልሐምዱሊላህ! የድሮዎቹ አልቀዋላ!» አለ ባህረዲን።

«ኧረ አባ! እፍኝ ቦሎቄ አንድ ጣሳ ምስር ውስጥ ደባልቀህ ብትዘግን፣ ቦሎቄው እጅህ ይገባል አይደል? ጆንያ ሙሉ ምስር ውስጥ ከሆነ ግን ብትዘግንም ላታገኘው ትችላለህ። ቀዮቹ የጠፉት ሌሎቹ በጣም ስለበዙ ነው። ከወለሉ ጣውላ ስር ሞልተዋል። እሱ ሳይደፈን ምስሩን አታስገባ።»

ለእህል ነጋዴ ከዚህ የቀለለ ነገር አይነገረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ የዘገነው ምስር ነው። ባህረዲን ግን ከልጅ ምክር ከሚቀበል ቢከስር የሚመርጥ ሰው ነው።

«እኔ ምስር ስሸጥ አንቺ መች ተወለድሽ?» አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ምስሩን አስገባ።

አይጥስ ከቀለብና ከማደሪያ ሌላ ምን ያስፈልጋታል? ማደሪያው ድሮም ነበራት፤ ቀለቡን ባህረዲን ራሱ በመኪና አስጭኖ አመጣላት። ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ። እሱ የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሱ ከቶ፣ «ዘንድሮ ምስር ያለው እኔ ጋ ነው» እያለ ተራውን ሲዞር ከረመ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደንበኞች መጡ። ተሸካሚው የመጀመሪያውን ጆንያ ሲያነሳው ምስሩ ከታች ተዘረገፈ። ሁለተኛውም ታቹ ተበልቷል። ከኋላ ያሉትማ ከነጭራሹ ባዶ ነበሩ። ደንበኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ባህረዲን ባዶዎቹን ጆንያዎች አንድ በአንድ እያነሳ አራገፋቸው፤ ያለው ሁሉ እዚያ ነበር።

ይሄኔ አንዲት ወፍራም አይጥ ከጆንያዎቹ መሀል ወጥታ በጫማው ላይ አለፈችና ወደ መንገዱ ሮጠች። ጭራዋ ቀይ ነው።

«ጋሽ ባህረዲን፣ ይቺማ የእርስዎ ናት!» ብሎ ጮኸ ውብሸት ከማዶ። «ምልክትዎ አለባት! ያዟት፣ የሰው ንብረት ናት!»

ተራው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ። ባህረዲን እፍረት አንገቱ ድረስ አቃጠለው። ዞር ሲል ኢክራ በሩ ላይ ቆማ ባዶዎቹን ጆንያዎች ታያለች። እሷ አልሳቀችም። ምነው እሷም በሳቀች፣ አለ በልቡ።