ቀኑ ያለፈበት ማመልከቻ

ሰው የንስሐ አባቱን የሚፈራው ገመናውን ስለሚያውቁበት ነው ይባላል። እንድሪያስ ግን ቄስ ገብረሥላሴን የሚፈራው በስግደት ስለማይለቁት ነበር። አዋሽ በቅጥር ክፍል ሲሠራ ለጓደኛው የሐሰት የሥራ ልምድ ወረቀት ፋይል ውስጥ ከቶ፣ በኋላ ሲናዘዝ፣ «ሁለት መቶም ሦስት መቶም ልስገድ» ብሎ ለመናቸው።

«ጉልበትህ ምን አጠፋ? ያጠፋው እጅህ ነው። ሄደህ ለአለቃህ ንገር» አሉት።

ነገረ። ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ሰመራ ተመደበ። አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፋቸው። እያደር ግን አለቃ በጠራው ቁጥር መደንገጡ ተወው፤ ቀና ብሎ መሄድ ለመደ። ይህን ከማን እንዳገኘው ያውቃል። ሰመራ ላይ ዘመድ የሚለው ሰው የለም፤ በየሳምንቱ የሚደውሉለት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለፈው ግንቦት ቄሱ ድንገት ከአዋሽ በአውቶቡስ መጡ። ያ ሙቀት እንኳን ለሽማግሌ ለሰይጣንም አይመች። ውሃ ጠጥተው ፊታቸውን ከጠረጉ በኋላ የእህታቸውን ልጅ የራኬብን ማስረጃዎች ከቦርሳቸው አወጡ። ልጅቷ ተመርቃ ሥራ ካጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷም ታማለች። እንድሪያስ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ክፍት ቦታ አውጥቶ ነበር። ነገሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ ምዝገባው ዓርብ ከተዘጋ አራት ቀን አልፎታል።

«መዝገቡ አንተ እጅ ነው አሉ» አሉት ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ። «ዓርብ እንደመጣች አድርገህ ጻፋት።»

እንድሪያስ የሚፈትኑት መስሎት ደስ አለው። ሲያያቸው ግን ፈተና አልነበረም፤ ፊቱ የተቀመጠው የቸገረው አጎት ነው። እምቢ ቢል ያለውን አንድ አባት ሊያጣ ነው። እሺ ቢል ደግሞ አንድ መስመር ነው፤ ማንም አያውቅም፤ ያዘዙትም ቄስ ናቸው። የትኛው መስመር ላይ እንደሚያስገባት ሳይቀር አሰበ።

«አባቴ» አለ በመጨረሻ። «ይህን ካደረግሁ በኋላ የምናዘዘው ለማን ነው?»

ቄሱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰብስበው ከተቱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸው፤ መስቀል ሳያሳልሙት አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። እንድሪያስ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።

ሳምንት ሙሉ አልደወሉም፤ እሱም አልደፈረም። በስምንተኛው ቀን ስልኩ ጠራ።

«ልጄ» አሉት፣ «ለራኬብ ምዝገባው እንዳለፈ ነግሬያታለሁ። አንተን ግን በድያለሁ። ይቅር በለኝ።»

በሁለቱ መካከል ይህን ቃል ሲናገር የኖረው እንድሪያስ ነበር።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ አባቴ» አለ። «ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀኑ ሳያልፍ እደውልልዎታለሁ።»